ግዝቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ

ሲታክ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2006

ይድረስ ለአጎቴ ለቀሲስ ይርጉ፤ አዲስ አበባ

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛም በሰው አገር ደህና ነን። እማዬን ልቧ አንዳንዴ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስቴ ተቆጥታኛለች።

«በአርባ ዓመትሽ ታሪክ ተምረሽ ልትነግሺ ነው ወይ?» ላሉኝ፣ አዎ ልነግሥ ነው። ቀን ቀን ሆቴሉ ዴስክ ላይ ቆሜ ለፓይለቶች ቁልፍ ስሰጥ እውላለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ኮሌጅ ክላስ አለኝ። ሰሞኑን የተማርኩትን ደግሞ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ቬኒስ የምትባለው ከተማ ድሮ ንጉሥ አልነበራትም፤ በሸንጎ የምትተዳደር የካቶሊክ ሪፐብሊክ ነበረች። የዛሬ አራት መቶ ዓመት የሮማው ፖፕ «ያለ ሸንጎ ፈቃድ መሬት ለቤተ ክርስቲያን አይሰጥም የሚለውን ሕጋችሁን ሻሩ፤ ያሰራችኋቸውንም ካህናት ለእኔ አስረክቡ» አላቸው። እምቢ አሉ! ፖፑም አገሩን በሙሉ ገዘተው፤ ቅዳሴ የለ፣ ተክሊል የለ፣ ፍትሐት የለ። ሸንጎው ምን አደረገ መሰልዎ? ከሮም የሚመጣ ደብዳቤ ማንም ካህን እንዳይከፍት፣ እንደታሸገ እንዲያስረክብ አዘዘ። ያልተነበበ ግዝት ማንን ያስራል? ቅዳሴው ቀጠለ። አንዱ ካህን «መንፈስ ቅዱስ እንደገለጠልኝ አደርጋለሁ» ቢል፣ ሹሙ «እምቢ ያለውን ሁሉ እንድንሰቅል መንፈስ ቅዱስ ለእኛ አስቀድሞ ገልጦልናል» አለው ይባላል። ክላስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። የቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ የባለቤትነት ካርታ በሊቀ ጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ስም ይዙር ተባልን። ቦርዱ አይዞርም አለ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። እኔ የቦርዱ ጸሐፊ አይደለሁ፣ ስብሰባው ላይ የቬኒስን ታሪክ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ! አስተዳዳሪያችን ቀሲስ ናኦድ (በሥራ ቀን ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠሩት) ከዚያ ወዲህ የጽሕፈት ቤቱን ፖስታ ሳይከፍቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከቱታል። ግዝት እየመጣ ነው ይባላል። እርስዎ ሊቅ ነዎት፤ እስቲ ይንገሩኝ፣ ያልሰሙት ግዝት ያስራል?

ልጅዎ ተናኘ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለተናኘ፤

የሰማይና የምድር ጌታ ጤናሽን ይስጥልኝ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ለጠየቅሽኝ፦ ያልሰማ አይታሰርም። ግዝት ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ጆሮ ይፈልጋል። ይህን ሳልደብቅ ነገርኩሽ፤ አንቺ ግን ጨዋታ አታድርጊው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ሰው ዝም ብሎ ፈርቶ አይደለም፤ ክስ ሲጀመር ማን ከማን ጋር እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ነው።

ስለ ሥራዬ ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ። ከደብሩ ተዛውሬያለሁ። አሁን ካለሁበት ከምጸልየው የምጽፈው ይበዛል።

እናትሽ እትዬ አዳነች ደብዳቤዬን ዛሬም የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነው የምታስነብበው? እነማን ይሰማሉ? እንዲያው ናፍቆት ነው የሚያስጠይቀኝ።

አጎትሽ ቀሲስ ይርጉ


ሲታክ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2006

አጎቴ፣ እንዴት ሰነበቱ?

መልስዎን ለቀሲስ ናኦድ አነበብኩላቸው፤ ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ። ይባረኩ!

ደብዳቤዎ እንዴት ነው የሚነበበው ላሉኝ፣ ጥፋቱ የእኛው ነው። እህታችሁ፣ አክስቴ ትሁን፣ ያረፈች ጊዜ እርስዎ ሦስት ወር ደበቁ፤ በኋላ ሲጽፉም እኔ መስመሩን ዘልዬ አነበብኩላት። እማዬ መርዶዋን ከሌላ ሰው አፍ ሰማች። ከዚያ ወዲህ አስምላኛለች፦ ፖስታው እሷ ፊት ይቀደዳል፤ ቀድሜ አላየውም፤ አንድ መስመር አልዘልም፤ ምስክር እንዲሆኑ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ይቀመጣሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጸጥ ይላል። እትዬ እናኑ፣ ቱክዊላ ስንኖር ጎረቤታችን የነበረችው፣ ከፊት ወንበር አትጠፋም። ቀሲስ ናኦድ ራሳቸው ቁጭ ብለው ነው የሚሰሙት፤ «እንዲህ የሚጽፍ ሰው ቀረ» ይላሉ።

እማዬ የመቅደሱን መጋረጃ በእጇ ሰፍታ ጨርሳለች። «እንግዲህ ስሞት ከዚሁ ቤት ፍትሐት ተደርጎልኝ ልውጣ እንጂ ሌላ የምለምነው የለኝም» ትላለች። ገና ነው እላታለሁ፤ ዶክተሩ ግን እንደ እኔ አይልም።

ተናኘ


ሲታክ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2007

አጎቴ፤

ሰላምታ የለኝም።

ምን አደረጉኝ? ኧረ ምን አደረጉኝ?

ትናንት ልደት ነበር። ቀድሰን፣ ጾም ፈትተን፣ አዳራሹ ሞልቶ መቀመጫ ጠፍቷል። እማዬ ፖስታዎን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ለበዓል ብላ አምስት ቀን ሳታስከፍተኝ ታቅፋው ነበር። ቀደድኩት። እንደ ልማድዎ እናቶቹን በየስማቸው ሰላም አሉ፤ እትዬ እናኑ ስሟ ሲጠራ እልል አለች። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ብርዱና ስለ ሠፈሩ መንገድ ነው። ሁለተኛው ገጽ «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» ብሎ ጀመረ። እኔ ሞኟ ምርቃት መሰለኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ! «የሕንፃው ካርታ ለጽሕፈት ቤቱ እስኪዞር ድረስ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ እንዳይቀደስ፣ ሕፃን እንዳይጠመቅ፣ ከምእመናኑ ለሞተ ፍትሐት እንዳይደረግ ተገዝታችኋል። ይህን ተላልፎ ለተገዘቱት የጸለየ ካህን እንደ እነሱ የተገዘተ ይሁን።» አፌ እያነበበ ጆሮዬ አልሰማም ነበር። ጆሮዬ ሲነቃ አንብቤ ጨርሻለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በምን እመልሰዋለሁ?

ሰው ሁሉ ክው አለ። የጎረሰ አላኘከም። ቀሲስ ናኦድ ብድግ አሉና «ሰማሁ» አሉ። ጥምጣማቸውን ፈትተው በእጃቸው ይዘው፣ በዚያ ዝናብ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ከታች ያለውን ፊርማ አየሁት። «የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ቀሲስ ይርጉ።» ሥራዎ ይህ ኖሯል! ፖስታው ቁም ሳጥን እንደሚገባ የነገርኩዎት እኔ። ደብዳቤዎ የት፣ በማን ፊት እንደሚነበብ ሲጠይቁኝ ናፍቆት ነው ብዬ የዘረዘርኩልዎ እኔ። ለራሴ ወጥመድ እየሠራሁ «ይባረኩ» ስልዎ ነበር። በስመ አብ!

እማዬን ወደ ቤት ወሰድኳት። ደረጃው ላይ ቆመችና «ይርጉ ነው እኔን የገዘተኝ?» አለችኝ። እስቲ ምን ልበላት?

ተናኘ


አዲስ አበባ፣ ጥር 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ተናኘ፤

የሰደብሽኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። የሚጨመር ካለሽም ጨምሪ።

ከመስከረም ጀምሮ የሊቀ ጳጳሱ የብፁዕነታቸው ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤዎችሽን አላሳየሁም ብዬ አልምልም፤ አሳይቻለሁ። ስለ ቬኒስ ስትጽፊ ተደንቄ ነው ያሳየኋቸው፤ የእህቴ ልጅ እንዲህ ተምራለች ብዬ። እሳቸው ግን የተደነቁት በሌላ ነገር ነው። «የአንተን ደብዳቤ ግን ይከፍታሉ» አሉኝ። ሐሳቡ የእሳቸው ነው፤ እጁ የእኔ።

ተገድጄ ብቻ ነው ብልሽ ደግሞ ውሸት ይሆናል። አምኜበታለሁ። የቤተ ክርስቲያን ካርታ በመንግሥት መዝገብ፣ አዛዡ ቦርድ፣ ፈራጁ ፍርድ ቤት ከሆነ፣ ነገ ታቦቱ ይግባ ይውጣ ብላችሁ እጅ ልታወጡ ነው። ዳኛ የበር ቁልፍ ይሰጣል እንጂ ሥልጣነ ክህነት አይሰጥም። ቬኒሶችሽስ መጨረሻቸው ምን ሆነ? እሱን አልጻፍሽልኝም።

ካርታውን አዙሩ፤ የመፍቻውን ደብዳቤ በዚያው ቀን እጽፋለሁ። ለእትዬ አዳነች እግሯ ላይ ወድቄያለሁ በይልኝ።

ቀሲስ ይርጉ


ሲታክ፣ ማርች 5 ቀን 2007

አጎቴ፤

የቬኒሶቹን መጨረሻ ስለጠየቁኝ፦ በዓመቱ ታረቁ። እስረኞቹን አስረከቡ፤ ሕጋቸውን ግን አልሻሩም። ሮማም ከነክብሯ፣ ሸንጎውም ከነሕጉ። በዚያ ዓመት ስለሞተው ሰው መጽሐፉ አይናገርም። እኔም እስከ ቅዳሜ ድረስ ስለ እሱ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ዳኛዋ ፈረደችልን። ሕንፃው የቦርዱ ነው፤ ማንም በሩን መዝጋት አይችልም። ሊቀመንበራችን ፓርኪንጉ ላይ ዘለለ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ አልዋሽም። ረቡዕ እትዬ እናኑ አረፈች።

ቅዳሜ አስከሬኗን አስገባን። በሩ በትእዛዝ ተከፍቷል፤ ፖሊስ ደጁ ላይ ቆሟል፤ መብራቱ በርቷል፤ ሰው ሞልቷል። ካህን የለም። ቀሲስ ናኦድ ውጭ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሊቀመንበሩ ሄዶ በመስኮቱ ወረቀቱን አሳያቸው፤ «ቀሲስ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እኮ ነው!» እሳቸው ቀና ብለው «እንግዲያው ለሬሳዋ አንብብላት» አሉት። ወረቀቱን አጥፎ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ልጇ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚችለው፤ ደጋግሞ «ምንድነው የምንጠብቀው?» ይለኛል። እኔ ጸሐፊዋ፣ ባለ ቬኒሷ፣ «ካህን» ብቻ አልኩት። እንዲሁ ወስደን ቀበርናት።

በማግስቱ ካርታው ይዙር ብዬ ቦርዱ ላይ እጄን አወጣሁ። ብቻዬን ቀረሁ። «ካሸነፍን በኋላ?» አሉኝ።

እማዬ ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች። ዶክተሩ ሳምንታት ነው የሚለው። እኔ ከእንግዲህ ማን ያሸንፍ ማን ይሸነፍ አያገባኝም። እናቴ ያለ ፍትሐት አትሂድብኝ። እህትዎ ናት፤ እለምንዎታለሁ።

ተናኘ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ተናኘ፤

ሦስት ቀን ደጃቸው ቆሜ አገኘሁት። አብሮ የታሸገው ወረቀት የብፁዕነታቸው ፈቃድ ነው፤ ማኅተሙን እይ። ለወይዘሮ አዳነች፣ ለእሷ ብቻ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሙሉ ፍትሐት እንዲደረግላት ይላል። ቀሲስ ናኦድ ይህን በእጃቸው ይዘው ከጸለዩ አይታሰሩም።

የእናኑንም ነገር አንስቼ ነበር። «ያለፈው አለፈ» አሉኝ፤ አልደገምኩም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ይህን አዳራሽ ውስጥ አታንብቢው። ሌሎቹ እናቶች ባይሰሙ ይሻላል።

ቀሲስ ይርጉ


ሲታክ፣ ማርች 28 ቀን 2007

(እማዬ እየተናገረች እኔ የጻፍኩት ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም። ተናኘ)

ይርጉ፤

ክህነት ከተቀበልክ ጀምሮ አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ። ዛሬ ታናሽ ወንድሜን ነው የማናግረው፤ አትቀየመኝ።

ወረቀትህ መጣ። ልጄ አልጋዬ አጠገብ ሆና ልትደብቀው አሰበች፤ ፊቷን አውቀዋለሁ። መሐላሽን አልኳት። እናቶቹን ጥሪ አልኳት፤ መጡ፤ አነበበችው፤ ሰሙት። «ለእሷ ብቻ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሁሉም ወለሉን አዩ። አንዷ እንኳ ክፉ አልተናገረችኝም። «እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ እኮ፤ ሊሞት ላለ ሰው! አፈርኩ ይርጉ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እናኑ ጾም አልገደፈችም፤ ሰው አልበደለችም። ካርታ የሚባለውን በዓይኗ አላየችም፤ እኔም አላየሁም። እሷ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ወንድም ስለሌላት ዝም ብላ ሄደች፤ እኔ ወንድም ስላለኝ በዝማሬ ልሂድ? ወዲያ ማዶ ስንገናኝ ምን እላታለሁ? «የእኔ ሰው ጳጳስ ያውቃል» ልበላት?

ፍትሐት ፈልጌ ነበር። አሁንም እፈልጋለሁ፤ እግዜር ያውቃል። ለሁላችን ከሆነ አምጣው። ለእኔ ብቻ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።

አልረገምኩህም። ሰው ምን ይላል ብለህ አትፍራ፤ ብቻ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ አስብበት።

እህትህ አዳነች


ሲታክ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2007

አጎቴ፤

እማዬ ሐሙስ ጠዋት አረፈች። ሦስት ወር አልደበቅሁም፤ ይኸው በአራተኛው ቀን ጻፍኩልዎ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አላስገባናትም። እሷ ናት ያለችው፦ «ዳኛ በከፈተው በር፣ ካህን በሌለበት፣ ምን ልሠራ እገባለሁ?» ቀጥታ ወደ መቃብሩ ወሰድናት። ፈቃዱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ እጄ ሁለቴ ሦስቴ ሄዶበታል። ቀሲስ ናኦድ ከአጥሩ ውጭ በፓርኪንግ ዩኒፎርማቸው ቆመው ነበር፤ አንድ ጊዜ ኮል ባደርግላቸው ሮጠው ይመጡ ነበር። እናቶቹን አየኋቸው። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። እናቴ ናት አጎቴ፤ አንድ እናቴ። ደግ ሥራ ሠራሁ ወይስ በደልኳት፣ እስከ አሁን አላወቅሁም።

ሴቶቹ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አሉ። የአጥሩ ማዶ ከንፈርም ሲንቀሳቀስ ያየሁ መሰለኝ፤ እንዳልመሰክርባቸው ፊቴን አዞርኩ።

ከቦርዱ ወጥቻለሁ። ለቅሶ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ዛሬም ሰው አለ። የምለው ይኸው ነው።

ተናኘ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ተናኘ፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። ቆሜ ጀመርኩት፤ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ላለቅስ ሞከርኩ፤ እንባዬም እምቢ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ቀድሞው ደብሬ ሄድኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ልብሰ ተክህኖዬን ለበስኩና ፍትሐት አደረስኩ፤ ሙሉውን፣ ሳላሳጥር። በመጀመሪያ ለእናኑ። የክርስትና ስሟን ስለማላውቅ «እናኑ» ብዬ ጠራኋት፤ ፈጣሪዋ አያጣትም። ቀጥሎ ለእህቴ። በዚህ ተራ ካልሆነ አትቀበለኝም ነበር።

ከዚያ ወደ ብፁዕነታቸው ገብቼ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «ለተገዘተ የጸለየ ካህን ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፤ ቃሉን የጻፍከው አንተ ነህ» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያው ደብዳቤው ከምሳ በፊት ይድረሰኝ» አሉ።

በዚህ ቤት ሌላ ጸሐፊ የለም። ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ፤ የጽሕፈት ቤቱን ወረቀት አወጣሁ፤ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ አስቀድሜ፣ ግዝቱን በራሴ እጅ ጻፍኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለናንተ ስጽፍም አልተንቀጠቀጠም ነበር፤ ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

የናንተን ግዝት አላስፈታሁም። ያን ማድረግ አልቻልኩም። ብቻ ከእናንተ ጋር ገብቼበታለሁ።

ስትጽፊልኝ ከእንግዲህ ፖስታው ላይ «ቀሲስ» አትበይ፤ ፖስተኛውም እንዳይሳሳት።

ይርጉ